መጠይቁ ከተሞላ በኋላ ልጁን ማን ይቀበለዋል?

ጅማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ሥነ ልቦና ስለተማርኩ የጋይዳንስ፣ ማለት ተማሪን የማማከር፣ ሥራውም የእኔ ነው። የራሱ በጀት የለውም። ተማሪ የማነጋግረው ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ በምትተርፈኝ ሰዓት ነው። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ላሉ መምህራን፣ ለርዕሳነ መምህራን፣ ለወላጆች፣ እንዲሁም መጠይቅ ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ለሚመጡ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ነው። ባለፉት ዓመታት ያለፍንበትን መንገድ ሌላ ትምህርት ቤት ከሀ ጀምሮ እንዳይደግመው እፈልጋለሁ።

ጅማ ላይ ዩኒቨርሲቲ ሩቅ ነገር አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ፣ ተማሪን ወደ ኅብረተሰቡ የማውረዱ ልማድም አብሮ ተሻገረ። የጤና ተማሪዎች ሲቢቲፒ (ኅብረተሰብ ተኮር ሥልጠና) ብለው ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራሉ። ሊመረቁ ሲቃረቡ ደግሞ ቲቲፒ (የቡድን ሥልጠና) ብለው ጤና ጣቢያ ይከርማሉ። ከጅማ ሰፈሮች ሂርማታ ብትሄዱ መንደራ፣ ቅጽ ይዞ በሩን ያንኳኳ ተማሪ ያላየ ቤት ማግኘት ይከብዳል። ትምህርት ቤት ደግሞ ለጥናት ከሁሉም ይመቻል። ብዙ ወጣት አንድ ቦታ ተቀምጦ ይገኛል።

የእኛ ነገር የጀመረው በአንድ ጥናት ነው። ከየት እንደመጣ መናገር አያስፈልግም። ስለ ተማሪዎች ድብርት፣ ጭንቀትና ጫት የሚጠይቅ ነበር። የድጋፍ ደብዳቤው ባለ ማኅተም ነው። መጠይቁን ይዘው የመጡት ልጆችም ትሁቶች ነበሩ። ተማሪው በየክፍሉ ተቀምጦ ሞላ፣ ስም አይጻፍም ተባለ፣ ከምሳ በፊት አልቆ አመስግነው ሄዱ።

ከመጠይቁ መሀል በብዙ አገር የሚሠራበት ባለ 9 ጥያቄ የድብርት መመዘኛ ነበረ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍሽ እንዴት ነበር፣ ምግብ ይበላልሻል ወይ፣ ነገር ሁሉ ያስጠላሻል ወይ እያለ ይሄዳል። ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ብሞት ይሻለኛል ብለሽ ወይም ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ ይላል።

ከተወሰኑ ቀናት በኋላ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉም ከወጣ በኋላ በሩ ላይ ቆመች። «ቲቸር፣ እነዚያ ሰዎች መቼ ነው የሚጠሩን?» አለችኝ። የትኞቹ ሰዎች ስላት «ወረቀቱን የሰጡን» አለች። ለዘጠነኛው ጥያቄ እውነቱን መልሳለች። በሕይወቷ ያንን ነገር የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ መጀመሪያ የጠየቃት ያ ወረቀት ነው። የሆነ ሰው አንብቦ ይጠራኛል ብላ በየቀኑ ስትጠብቅ ነበር።

የሚጠራት ሰው አልነበረም። ወረቀቷ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ቁጥር ሆኗል።

ያን ቀን የተደረገውን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ነገ በእናንተ በር ላይ የሚቆም ልጅ ሊኖር ይችላል። አስቀመጥኳትና በቀጥታ ጠየቅኳት። ስለ መሞት ስንጠይቅ ሐሳቡን እናስገባባቸዋለን ብለው የሚፈሩ መምህራን ብዙ ናቸው። ጥናቶች የሚያሳዩት ግን ተረጋግቶ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይፈጥር ነው። እንዲያውም ብዙ ልጆች ሲጠየቁ ይቀላቸዋል። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል እንዳትገቡ። እኔ ያልኳት «ሊረዳሽ ለሚችል ሰው ብቻ እናገራለሁ፣ ለማን እንደምናገርም አስቀድሜ እነግርሻለሁ» ነው። እናቷ እስክትመጣ ብቻዋን አልተውናትም። ለእናትየውም በስልክ ያልነው «እህቴ፣ ልጅሽ ደህና ናት፣ አንድ ነገር ልናማክርሽ ነው» ብቻ ነበር። ሲመጡ ቁጭ ብለን ነገርናቸው። ቤት ውስጥ ያለ ክኒንና የተባይ መድኃኒት ተቆልፎ እንዲቀመጥ፣ ማታም ልጅቷ ብቻዋን እንዳትተኛ ተስማማን። በማግስቱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ክፍል ተላከች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተበላሸ። ልጅቷ የሄደችው በትምህርት ሰዓት፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ነው። ወረፋ ላይ የሰፈር ሰው አያት። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ግቢ ገባ። «እብድ» የሚለው ቃል በአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለመምህር አይነገርም። ትምህርት ቤት መምጣት አቆመች። እንድትመለስ ለማድረግ የፈጀብን ጊዜ ለሕክምናው ከፈጀው በላይ ነው። ስለዚህ እባካችሁ፦ ልጅ ወደ ክሊኒክ ስትልኩ በቤት ልብስ ይሂድ፣ ከወላጅ ጋር ይሂድ፣ ከክፍል ተጠርቶ አይውጣ። ከሰዓት ፈረቃ የሚማር ከሆነ ጠዋት፣ ጠዋት የሚማር ከሆነ ከሰዓት ቀጠሮ ይያዝለት። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ልጁ ሁለተኛ ጊዜ መሄድ አለመሄዱን የሚወስነው ይሄው ነው።

የመምህራን ስብሰባ ላይ ቁጣው ከባድ ነበር። ብዙዎቻችን ከእንግዲህ ማንም ተመራማሪ በዚህ በር አይገባም አልን። ቁጣው ትክክል ነበር፤ ውሳኔው ግን አልነበረም። ጡረታ የተቃረቡ አንድ የታሪክ መምህር ተነሱና «በሩን ብንዘጋው ልጅቷን አሁን የሚያክማት እኮ ያው ዩኒቨርሲቲ ነው» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ልጅቷን የምትከታተለው ሐኪም የምታስተምርም የምትመራመርም ሰው ነበረች። እሷን ሄደን ማነጋገር እንዳለብን የገባን ያኔ ነው።

ዶክተሯ መጣች። የነገረችን ነገር እስከ ዛሬ ይጠቅመኛል። ስም አለመጻፉ ጥፋት እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ልጆቹን ለመጠበቅ እንደሆነ አስረዳችን። ስም ቢጻፍ ብዙ ልጅ እውነቱን አይመልስም። የጎደለው ጥያቄውን አይቶ የተነካ ልጅ የሚሄድበት መንገድ ነው። ያንን መንገድ ደግሞ ተመራማሪ ብቻውን ሊሠራው አይችልም። ግቢውን የሚያውቀው ትምህርት ቤቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስታችን፣ ማለት ትምህርት ቤቱ፣ የዩኒቨርሲቲው የሳይካትሪ ክፍልና የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ፣ ስምምነት ጻፍን። ወረቀቱ አጭር ነው፤ ጭቅጭቁ ግን ረጅም ነበር። ዋናው ነጥብ አንድ ነው፦ ስለ ሞት፣ ስለ ጥቃት ወይም ስለ ሱስ የሚጠይቅ ማንኛውም ጥናት፣ «አዎ» ያለውን ልጅ የሚቀበል ሰው ስምና ስልክ ሳይዝ አይጀመርም። ስም የማይጻፍበት ከሆነ መጠይቁ መጨረሻ ላይ ልጁ ቀዶ የሚወስዳት ቁራጭ ወረቀት ትኖራለች። የት፣ መቼ፣ ማንን እንደሚያገኝ ትነግረዋለች። ኮድ የሚሰጥበት ከሆነ ደግሞ ዘጠነኛው ጥያቄ በዕለቱ ይታያል፤ ወረቀቱ ተሸክፎ እስኪገባ አይጠበቅም። አጥኚዎቹ ቅጹን ሰብስበው ወዲያው አይሄዱም፣ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይውላሉ። ልጁ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ፣ በሚቀለው ቋንቋ ይሞላል። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የወላጅ ፈቃድም የልጁ የራሱ ስምምነትም ያስፈልጋል። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ቦርድ ማጽደቁን የሚያሳየውን ወረቀት ጠይቁ። ብዙ ርዕሰ መምህር ማኅተም ያየበት ደብዳቤ ይበቃዋል፤ አይበቃም። መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ተመራማሪ እንዲያውም ደስ ይለዋል።

ውጤቱ ተመልሶ እንዲነገረንም ጻፍን። ይሄኛው ላይ ብዙ ተከራክረናል፤ «ይታተማል፣ ታነባላችሁ» የሚሉ ነበሩ። እኛ የፈለግነው የወላጅ መምህር ኅብረቱ ስብሰባ ላይ ሰው ቆሞ እንዲያስረዳን ነው።

ለምን እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ ላንሳ። እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ በፈረንጆቹ 2005 የተጀመረ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ብራውን ዩኒቨርሲቲ አብረው የሠሩት ነው። ከ13 እስከ 17 ዓመት የነበሩ ከ2,000 በላይ ልጆችን ከጅማ ከተማ፣ ከትንንሽ ከተሞችና ከገጠር ቀበሌዎች መርጦ ለዓመታት ተከታተላቸው። ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ቤታቸው በቂ ምግብ የሌላቸው ልጆች የድብርትና የጭንቀት ምልክት እንደሚበዛባቸው፣ ከትምህርት ቤት እንደሚቀሩም ነው። ዶክተሯ ይህንን ለመምህራኑ ስታቀርብ ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ እያንዳንዱ የራሱን ተማሪ አሰበ። እኛ «ሰነፍ» ብለን የምንጠራው፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ዴስኩ ላይ የሚተኛ ልጅ ነበረ። የክፍሉ ስም ጠሪ መምህር ጠራውና ቁርስ በልቶ ይመጣ እንደሆነ ጠየቀው። አይበላም። ከዚያ ወዲህ ግቢ በር ላይ ካለችው ሻይ ቤት ጋር ተነጋግረን፣ መምህራን በየወሩ የምናዋጣው አለ። ልጆቹ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ገብተው ዳቦና ሻይ ይወስዳሉ፤ ማን እንደከፈለ አይጠየቅም። ጥናት መልሶ ሲነገር ይህን ያመጣል።

በቀጣዩ ዓመት የመጣው ፈተና ስምምነቱን በደንብ ፈተነው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ክፍል ውስጥ ጮኻ ወደቀች። በማግስቱ ሌሎች ወደቁ። ከዚያ ከሌላ ክፍልም። በብዙ የአገራችን ትምህርት ቤቶች የሚታወቅ ነገር ነው፤ አንብባችሁ «የእኛም!» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ግቢው ታመሰ። ተማሪው በመስኮት ተንጠላጠለ፣ ስልክ ወጥቶ ተቀረጸ፣ ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ዋለ። ክብሪት የሚያሸት አለ፣ እጅ የሚፈለቅቅ አለ። ትምህርት ቤቱ መቃብር ላይ ነው የተሠራው የሚል ወሬ ተነሳ። ጂን ነው ያለም፣ መተት ነው ያለም ወላጅ ልጁን ሊያወጣ መጣ።

የዩኒቨርሲቲው ቡድን በስልክ ተጠርቶ በዕለቱ ደረሰ። የሠሩበትን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። መጀመሪያ የሚጠጣውን ውኃ፣ የሚበላውን፣ ጭስ ወይም የኬሚካል ሽታ መኖሩን ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ጋር አጣሩ። ልጆቹን አንድ በአንድ፣ ተመልካች በሌለበት መረመሯቸው። አንዷ ላይ ያገኙት ማንም ያላወቀው የሚጥል በሽታ ነበር፤ መድኃኒት ጀመረች፣ አሁን በደህና ትማራለች። ስለዚህ «ሁሉም የአእምሮ ነው» ብሎ መደምደም አደገኛ ነው። ሐኪም ይይ። የሌሎቹ ግን ጭንቀት በሰውነት ሲወጣ ነው። ዶክተሯ ማስመሰል እንዳልሆነ ደጋግማ ነገረችን። አንድ ሰው ሲያዛጋ አጠገቡ ያለው ሳያስበው እንደሚያዛጋው፣ የፈራ ሰውነትም የፈራውን ይከተላል አለች።

ከዚያ የነገሩን ነገር ለመስማት ይከብዳል፦ ተመልካች አሳንሱ። የወደቀችውን ልጅ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ከአንድ የምታውቃት መምህርት ጋር አሳርፉ፣ ክፍሉ ትምህርቱን ይቀጥል፣ ደወሉ በሰዓቱ ይደወል። ስትረጋጋ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ክፍሏ ትመለስ። የምትንቀጠቀጥ ካለች በጎኗ አስተኟት፣ ጭንቅላቷ ሥር ልብስ አድርጉላት፣ አፏ ውስጥ ምንም ነገር አታስገቡ። ክብሪቱ ይቅር። ከአምስት ደቂቃ በላይ ከቆየ ወደ ሆስፒታል ነው።

ቄሱንም ሼኹንም ጠራናቸው። ይህንን እንዳትዘሉት። ጸበሉና ሩቅያው ከሕክምናው ጋር አይጣላም፣ ቤት ውስጥ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ይሁን ተባባልን። ሁለቱም ለወላጆቹ በራሳቸው አንደበት «ሐኪሙንም ስሙ» አሉ። የእኛ ምክር ያላደረገውን የእነሱ አንድ ቃል አደረገ። ልጆቹ ቀስ ብለው ተረጋጉ። ምክንያቱን አንድ በአንድ ስናወራ የወጣው ብዙ ነው፦ ሊዳሩ የተነገራቸው ነበሩ፣ ከገጠር መጥተው ዘመድ ቤት እየሠሩ የሚማሩ ነበሩ፣ በመንገድ የሚያስፈራራቸው ሰው ያለባቸው ነበሩ። የአንዳንዷ ጉዳይ ወደ ሴቶችና ሕፃናት ቢሮ ሄዷል። መውደቁ ቆመ ብላችሁ ፋይሉን አትዝጉ።

ስለ ጫት ብዙ አልልም፤ ጅማ ላይ የማያውቀው የለም። ግን የ12ኛ ክፍል ልጆች ነገር ያሳዝነኛል። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲፈተኑ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ቁጥር በልጆቹ ላይ ወደቀ። ሌሊት ለማንበብ ብለው መቃም የጀመሩ አሉ። እንቅልፉ ይጠፋል፣ ቀኑ ይደበዝዛል፣ ያነበቡት አይያዝም። ቀድሞ የተያዘ ልጅ ይባረር ነበር። አሁን ከሳይካትሪ የሚመጡ ተማሪዎች ከልጁ ጋር ቁጭ ብለው መቼ እንደሚቅም፣ ለምን እንደሚቅም፣ ምን መቀነስ እንደሚችል ያወራሉ። ስብከት የለውም። ሁሉም አልተወም። የተባረረ ግን የለም፤ ግቢ ውስጥ ያለ ልጅን ነው መርዳት የሚቻለው።

ለመምህራን የተሰጠው ሥልጠና አንዳንዱ ጠቅሟል፣ አንዳንዱ አልሠራልንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አርጩሜው ግን ከእጃችን ሙሉ በሙሉ አልወጣም ነበር። ዶክተሯ በ1969 አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ስለተጀመረ የክፍል ጨዋታ ነገረችን። ልጆች በቡድን ይከፈላሉ፣ ሕጉን ያከበረ ቡድን ያሸንፋል። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ባልቲሞር ከተማ አንደኛ ክፍል ላይ ሞክረውት፣ ልጆቹን እስከ ጎልማሳነት ተከታትለው፣ በተለይ ኃይለኛ የነበሩት ወንዶች ላይ የአደንዛዥ ዕፅ ችግር ቀንሶ አግኝተውታል። ሐሳቡ ደስ ብሎን 9ኛ ክፍል ላይ ሞከርነው፤ አልያዘም። የትንንሽ ልጆች ነገር ነው። ጎረቤታችን ያለው አንደኛ ደረጃ ግን ወስዶት እየሠራበት ነው። እኛን የጠቀመን ከዚያ ይልቅ ቀላል ነገር ነው፦ ጠዋት ስም ጠሪው ከሚያሳስቡት ልጆች ጋር ሁለት ደቂቃ ቆሞ ያወራል፣ ሲወጡም እንዴት ዋልክ ይላል። ገንዘብ አይፈልግም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ 7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት ይላል። እኛ ጋ አንድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጠውን ተማሪ ብዛት ታውቃላችሁ። ሒሳቡን ሥሩት። ለሁሉም ሐኪም አይደርስም። ስለዚህ አብዛኛውን መምህሩ በየቀኑ ይይዘዋል፣ የተወሰኑትን ጋይዳንስ ያያል፣ ከበድ ያሉት ብቻ ወደ ክሊኒኩ ይሄዳሉ። ማን የትኛው ጋ እንደሆነ ለመለየት በየሁለት ሳምንቱ ከዩኒቨርሲቲው ሰው ጋር እንቀመጣለን። ማስታወሻው ስም የለበትም፣ ኮድ ነው፤ መሳቢያው ይቆለፋል።

አብሮ መሥራቱ ደካማ ጎን አለው፤ ሳልነግራችሁ ብቀር አልወድም። የዩኒቨርሲቲ ሰው ይቀያየራል። ተማሪው ይመረቃል፣ ሬዚደንቷ (ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥነው ሐኪም) ሌላ ሆስፒታል ትመደባለች፣ የፕሮጀክት ገንዘብ ያልቃል። ዶክተሯም አሁን ጅማ የለችም። እሷ ስትሄድ ነገሩ ያልፈረሰው ስምምነቱ ከሰው ጋር ሳይሆን ከክፍሉ ጋር ስለተፈረመ፣ ተረኛውም ስልኩን ለቀጣዩ ስለሚያስረክብ ነው። በአንድ ጥሩ ሰው ላይ ብቻ አትመሥርቱ። እናንተም ጋ መዝገቡን የሚያውቅ ሁለተኛ መምህር ይኑር።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ክረምት ነው። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የምንከታተላቸው ልጆች ይበተናሉ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችም ይወጣሉ። አሁን የምናደርገው ይህ ነው፦ ግንቦት ላይ ዝርዝሩን እናያለን፣ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ እስከ መስከረም የሚሆነው ቀጠሮ መያዙን ከወላጅ ጋር እናረጋግጣለን፣ ገጠር የሚመለሰውን ቤቱ አቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ በሪፈር ወረቀት እንልካለን። በየወሩ አንድ መምህር ይደውላል። መስከረም ላይ ምዝገባው ሲጀመር መጀመሪያ የምንፈልገው እነዚያን ስሞች ነው፤ ያልተመዘገበ ካለ ክፍል ሳይጀመር ቤቱ ሰው ይሄዳል።